የአውሮፕላን ጉዞና አካባቢያችን፦ ከሰሜን ሸዋ መንገደኞች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የታዳጊ አገር የአየር መንገደኛ ስለ አካባቢ ጥበቃ ምን ያስባል የሚለውን ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚጠይቁትም የሚመልሱትም ሌሎች ናቸው። እዚህ የተሰበሰቡት ጥያቄዎች ከደብረ ብርሃን፣ ከመንዝ፣ ከሸዋ ሮቢትና ከምንጃር ተነስተው በቦሌ በኩል የሚበሩ ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው የሚያነሷቸው ናቸው። አንዳንዱ በሁለት መስመር ይመለሳል፤ አንዳንዱ ግን ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል።

በዞናችን የመንገደኛ በረራ የለም። የአውሮፕላን ጭስ እኛን ምን አገባን?

በረራው ባይኖርም መንገደኛው አለ። ከደብረ ብርሃን ቦሌ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሌሊት የተነሳ ሰው ለጠዋት በረራ ይደርሳል። ለቤት ሠራተኝነት ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ወይም ወደ ኩዌት የምትሄድ የቀወት ልጅ፣ ዕቃ ለማምጣት ዱባይ የሚመላለስ ነጋዴ፣ ዲቪ ደርሶት ቤተሰቡን ይዞ የሄደ መምህር፣ ለገና ከአሜሪካ የሚመጣ የመንዝ ተወላጅ፣ ለሥልጠና የሚላክ ባለሙያ፣ ሐጅ የሚያደርጉ የኤፍራታ አባት፣ ኢየሩሳሌምን ለመሳለም ለዓመታት ገንዘብ ያጠራቀሙ እናት፣ እነዚህ ሁሉ የአየር መንገደኞች ናቸው።

ሁለተኛው ምክንያት ዝናቡ ነው። በመንዝና በጣርማበር ደጋ ብዙ ገበሬ ገብሱን የሚያመርተው በበልግ ዝናብ ነው። በልግ ሲዘገይ ወይም ጭራሽ ሲቀር የሚጎዳው አውሮፕላን ላይ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ነው። የአንድን ዓመት የዝናብ መዛባት በአውሮፕላን ማላከክ አይቻልም። ሆኖም ምድርን በሚያሞቀው ጭስ ውስጥ በረራም ድርሻ አለው፤ ዕዳውን ደግሞ ያልተሳፈሩትም ይከፍሉታል።

አንድ ሰው ሲበር በእርግጥ ምን ያህል ይበክላል?

አንድ ኪሎ የአውሮፕላን ነዳጅ ሲቃጠል 3.16 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ከነዳጁ የበለጠ ክብደት የሚመጣው በነዳጁ ውስጥ ያለው ካርቦን ከአየሩ ኦክሲጅን ጋር ስለሚዋሃድ ነው። በዓለም ደረጃ አቪዬሽን የሰው ልጅ ወደ አየር ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 2.5 በመቶ ገደማ ይይዛል። በዚያ ላይ ከፍታው ቀዝቃዛና እርጥብ ሲሆን አውሮፕላኑ ከኋላው ጥሎት የሚሄደው ነጭ የደመና መስመር ሙቀትን አፍኖ ስለሚይዝ ጉዳቱ ከጭሱ ቁጥር ይበልጣል።

ወደ እኛ መንገደኛ እናምጣው። ከአዲስ አበባ ጅዳ 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በኢኮኖሚ ክፍል የተቀመጠ ሰው ለአንድ መንገድ የሚደርሰው ድርሻ መቶ ኪሎ ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ወደ ዋሽንግተን ደርሶ መልስ ሲሆን ግን እንደ አሰላሉ ይለያይ እንጂ ከአንድ ቶን ያልፋል።

አሁን ይህን ከአንድ ኢትዮጵያዊ የዓመት ድርሻ ጋር አስተያዩት። ከነዳጅ፣ ከድንጋይ ከሰልና ከመሳሰሉት የሚወጣው የአገራችን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለሕዝቡ ቁጥር ሲካፈል ለአንድ ሰው በዓመት 150 ኪሎ ገደማ ነው የሚደርሰው። የዓለም አማካይ ከአራት ቶን ተኩል በላይ ነው። ስለዚህ አንድ የዋሽንግተን ደርሶ መልስ ጉዞ በአንድ ቶን ብቻ ቢታሰብ እንኳ የአንድ ኢትዮጵያዊ የስድስት ዓመት ተኩል ድርሻ ነው። ይህን ቁጥር የማነሳው ማንንም ለማሸማቀቅ አይደለም። ሁለት ነገር አብሮ ስለሚያሳይ ነው፦ እንደ ሕዝብ ያደረስነው ጉዳት ትንሽ ነው፤ እንደ ግለሰብ ግን አዘውትሮ የሚበር ሰው በመካከላችን ሲኖር ከጎረቤቱ ጋር ያለው ልዩነት እጅግ የሰፋ ነው።

የታዳጊ አገር ሰው ስለ አካባቢ ግድ የለውም ይባላል። እውነት ነው?

አይደለም፤ ይህን ደግሞ ሰሜን ሸዋ ላይ ቆሞ መናገር ቀላል ነው። መንዝ ውስጥ ያለው የጓሳ ሣር ምድር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በማኅበረሰቡ ሕግ ሲጠበቅ ኖሯል። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ ይሆናል፤ ግን ማንም ሲፈልግ ገብቶ አያጭደውም ነበር። ምድሩ ለዓመታት ይዘጋል፣ በሽማግሌዎች ውሳኔ ይከፈታል፣ የጣሰ ይቀጣል። በ1967 የመሬት አዋጅ ጥንታዊው ሥርዓት ቢፈርስም ሰዉ መልሶ ጥበቃውን አደራጅቶታል። መቶ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆነው በዚህ ምድር ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም ይታያሉ። የወፍ ዋሻን ደንም እንውሰድ። በትውፊት እንደሚነገረው በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ የጥድ ዘር ከዚያ ተወስዶ መናገሻ ላይ ተተክሏል።

ይህን ያደረገ ሕዝብ ለተፈጥሮ ግድ የለውም ማለት ነውር ነው። እውነቱ ሌላ ቦታ ነው ያለው። አሳቢነቱ የተተከለው በሚታየው ነገር ላይ ነው፤ በአፈር፣ በምንጭ፣ በግጦሽና በዛፍ ላይ። የአውሮፕላን ጭስ ግን በዓይን አይታይም፣ መንደር ውስጥ አይሸትም፣ ሽማግሌ ተቀምጦ አይዳኘውም። ስለዚህ የደን ጠባቂነቱን የሚኮራበት ሰው ቲኬት ሲቆርጥ ጉዳዩ ጨርሶ ትዝ ላይለው ይችላል። ይህ ክፍተት የድሀ አገር ብቻም አይደለም። በበለጸጉት አገሮችም ስለ አየር ንብረት እጅግ እጨነቃለሁ የሚለው ሰው በረራውን እንደማይቀንስ ተመራማሪዎች ደጋግመው አስተውለዋል። እዚያ ያለው እያወቀ ይበራል፤ እዚህ ያለው ብዙ ጊዜ የነገረው ሰው የለም። ሁለቱን እኩል መውቀስ ፍትሕ አይደለም።

የአካባቢ አመለካከት መጠይቅ ሞልቼ ጥያቄዎቹ ከእኛ ኑሮ የራቁ ሆኑብኝ። ለምን?

በዓለም ዙሪያ ከሚሠራባቸው መለኪያዎች ዋነኛው እ.ኤ.አ. በ1978 ራይሊ ደንላፕና ኬንት ቫን ሊየር በተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ማኅበረሰብ ምሁራን ተዘጋጅቶ በ2000 የተሻሻለው ነው። አሥራ አምስት ዓረፍተ ነገሮች አሉት፤ እስማማለሁ ወይም አልስማማም እየተባለ ይሞላል። አንዱ ምድርን ቦታዋና ሀብቷ ውስን ከሆነ የጠፈር መንኮራኩር ጋር ያመሳስላታል። ሌላው የሰው ልጅ የተፈጠረው ተፈጥሮን እንዲገዛ ነው ይላል።

በዚህኛው ላይ እንቆይ። ዘፍጥረትን እያነበበ ያደገ የመንዝ ሰው «ምድርን ግዟት» የሚለውን ቃል ያውቃልና በእምነቱ «እስማማለሁ» ብሎ ይሞላል። መለኪያው ይህን መልስ ተፈጥሮን ከመናቅ ይቆጥረዋል። ነገር ግን የዚያኑ ሰው ደብር ሂዱና እዩ። ዙሪያው ታርሶ ባለቀበት ኮረብታ ላይ ጥዱ፣ ወይራውና ኮሶው የተረፈው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ነው። ቅርንጫፍ ለመቁረጥ እንኳ የደብሩን ፈቃድ የሚጠይቀው ይኸው «ተፈጥሮን ይንቃል» ተብሎ የተመዘገበው ሰው ነው። ለእርሱ መግዛት ማለት መጠበቅ፣ ለባለቤቱም መልስ መስጠት ነው። መጠይቁ ይህን የሚይዝበት ሣጥን የለውም።

ሌላም ችግር አለ። በእኛ ባህል ለእንግዳ ደስ የሚለውን መመለስ ጨዋነት ነው። ቦሌ ላይ ፎርም ይዞ የቀረበ ወጣት «ለአካባቢ ሲሉ የበለጠ ይከፍላሉ?» ብሎ ሲጠይቅ «እንዴታ፣ እከፍላለሁ» መባሉ የማይቀር ነው። ከዚያ ተነስቶ ይህን ያህሉ መንገደኛ ለመክፈል ፈቃደኛ ነው ብሎ መጻፍ አሳሳች ነው።

ዓረብ አገር ለሥራ የምትሄድ እህቴ በበረራዋ ልታፍር ይገባል?

በፍጹም። እ.ኤ.አ. ከ2018 ገደማ ጀምሮ በስዊድን መብረር የሚያሳፍር ነገር ነው የሚል እንቅስቃሴ ተነስቶ ነበር፤ ግሬታ ቱንበርግም በ2019 አትላንቲክን በመርከብ ተሻግራ ኒው ዮርክ ገብታለች። ለእነርሱ ትርጉም ያለው ነገር ነው። ስቶክሆልም ያለ ሰው አውሮፕላኑን ቢተው ባቡር ይጠብቀዋል። ከአዲስ አበባ የሚነሳው የኤሌክትሪክ ባቡር ግን ጅቡቲ ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው የባሕርና የበረሃ መንገድ ስንቱን እንደበላ በሰሜን ሸዋ የማያውቅ ቤተሰብ ያለ አይመስለኝም። ለዚህች ልጅ በሕጋዊ ቪዛ አውሮፕላን መሳፈር ማለት በሕይወት መድረስ ማለት ነው።

ቲኬቱንም አብዛኛውን ጊዜ የሚቆርጠው አሠሪው ወይም ኤጀንሲው ነው፤ ቀኑንም መስመሩንም እርሷ አትመርጥም። ኮንትራቷን እስክትጨርስ አንዴ ሄዳ አንዴ ትመለሳለች። ከእርሷ በፊት መጠየቅ ያለበት ብዙ ሰው አለ።

ታዲያ መጠየቅ ያለበት ማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ2018 ከዓለም ሕዝብ አውሮፕላን የተሳፈረው 11 በመቶ ገደማ ብቻ እንደነበር በጥናት ተገምቷል። ከመንገደኞች በረራ ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግማሽ ያህሉን ያደረሰው ደግሞ ከዓለም ሕዝብ 1 በመቶ የሚሆነው አዘውታሪ መንገደኛ ነው። ይህ ክፍፍል በሀብታምና በድሀ አገር መካከል ብቻ የሚታይ መስሎ ይነገራል። በአገር ውስጥም አለ። በየወሩ ለስብሰባ የሚበር ባለሥልጣን ወይም የድርጅት ኃላፊ፣ በስልክ ሊያልቅ የሚችል ውል ለመፈራረም የሚሄድ ባለሀብት፣ በሞቀ ወሬ ብቻ ገበያ ልይ ብሎ የሚበር ነጋዴ፣ እነዚህ «እኛ ታዳጊ አገር ነን» በሚለው ቃል ሥር መሸሸግ የለባቸውም። ያ ቃል የገበሬው መከራከሪያ ነው።

የእኔ መመዘኛ ሁለት ነው፦ ስንት ጊዜ ይበራል? መቅረት ይችል ነበር? ሁለቱም ሲበዙ ኃላፊነቱ ይበዛል። ዜግነት የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው። በውጭ አገር የሚኖረው ወገናችንም በዚሁ ይመዘን። ለእናቱ ቀብር የመጣን ሰው ማንም አይጠይቀውም። በዓመት ሦስት ጊዜ ለአጭር ሠርግና ለምርቃት የሚመላለስ ግን አንዴ መጥቶ ረዘም አድርጎ ቢቆይ ለወላጆቹም ይሻላቸዋል።

በአገር ውስጥስ? በአውቶቡስ መሄድ እየቻልኩ ብበር?

ሰው የሞላበት አውቶቡስ ለአንድ መንገደኛ የሚያወጣው ጭስ ከአጭር በረራ በብዙ ያነሰ ነው፤ አውሮፕላን ነዳጅ በብዛት የሚፈጀው ሲነሳና ከፍታ ሲይዝ ነውና አጭር መንገድ አያዋጣውም። ነገር ግን የመንገዱ ሰላም በማያስተማምንበት ጊዜ የሚደረግ በረራ ከዚህ ስሌት ውጭ ነው። ነፍስ ይቀድማል።

አንድ ሰው ለመሸኘት ሙሉ ሚኒባስ ይዘን ቦሌ እንወርዳለን። ይህስ ይቆጠራል?

ይቆጠራል፤ ከሚገመተውም በላይ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንት ድረስ እየገባ፣ እናትየዋ በጋቢ ተጠቅልለው፣ በርበሬውና ሽሮው በማዳበሪያ ተቋጥሮ ከመቀመጫ ሥር ተሸጉጦ የሚነሳውን መኪና ሁላችንም እናውቀዋለን። ደርሶ መልሱ 260 ኪሎ ሜትር ነው። አንድ ሚኒባስ በዚህ መንገድ ከ26 እስከ 30 ሊትር ናፍጣ ይፈጃል እንበል። አንድ ሊትር ናፍጣ 2.7 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያወጣ ድምሩ ከ70 እስከ 80 ኪሎ ይሆናል። ተሸኚዋ እስከ ጅዳ ከሚደርሳት ድርሻ ጋር ብዙም አይራራቅም።

ሽኝት ይቅር አልልም። መቼ እንደሚገናኙ የማያውቁ ሰዎች እቅፍ በኪሎ አይለካም። ሁለት መኪና ከመከተል ግን አንድ ይበቃል፤ በዚያው ቀን የሚበሩ የሰፈር ልጆች ካሉም ቤተሰቦች ተነጋግረው አብረው ቢወርዱ ወጪውም ጭሱም ይቀንሳል። ዋናው ስንብት ከቤት ሆኖ ቦሌ ድረስ ሁለት ሰው ቢሄድም ያምራል፤ ተርሚናሉ ውስጥ ሸኚ እንደማይገባ የታወቀ ነው።

ሻንጣ ማቅለል ለውጥ ያመጣል?

ጥቂት። በየበረራ ሰዓቱ የጭነቱን ክብደት 3 በመቶ ያህል ነዳጅ ይጨምራል ተብሎ ይታሰባል። አሥር ኪሎ ቅቤና ቆሎ ለአራት ሰዓት ይዞ ዱባይ የሚሄድ ሰው 1.2 ኪሎ ነዳጅ ጨመረ ማለት ነው፤ ከአራት ኪሎ በታች ካርቦን ዳይኦክሳይድ። ስለዚህ የእናት ስንቅ በሰላም ይሂድ። ይልቅ አንድ ጉዞ መተው ከመቶ ሻንጣ ማቅለል ይበልጣል። ሻንጣው ዙሪያውን በፕላስቲክ መጠቅለሉ ግን ደርሶ የሚጣል ቆሻሻ ነው፤ ጠንካራ ቁልፍና የጨርቅ ማሰሪያ ይበቃል።

ከመቀመጫው ምርጫ የሚመጣው ልዩነት ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። ቢዝነስ ክፍል ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ የአንዱ ሰው ድርሻ ከኢኮኖሚ ክፍል ሁለትና ሦስት እጥፍ ይሆናል።

ችግኝ ከተከልኩ በረራዬን አካካስኩ ማለት ነው?

ይህ ጥያቄ ከሁሉ በላይ ይነሳል፤ አገሩ በሙሉ ችግኝ የሚተክል ስለሆነም አይገርምም። መልሱ «በቀላሉ አይደለም» ነው። በደንብ የያዘ አንድ ዛፍ በዓመት ከጥቂት ኪሎ እስከ 20 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢስብ ነው። በዓመት አሥር ኪሎ ብንይዝ አንድ ቶን ለመሳብ አሥር ዛፍ አሥር ዓመት ቆሞ ማደግ አለበት። በደብረ ብርሃንና በመንዝ ብርድና ውርጭ ዛፍ የሚያድገው ቀስ ብሎ ነው። በሐምሌ ተተክሎ በጥር ፍየል የበላው ችግኝ ደግሞ ምንም አላካካሰም።

የዛፉ ዓይነትም ወሳኝ ነገር ነው። ባሕር ዛፍ ቶሎ ይደርሳል፣ የቤት ወራጅና ማገዶ ይሆናል፣ የተፈጥሮ ደኑንም ከመጥረቢያ ያተርፋል፤ ባለውለታችን ነው። ሆኖም ተቆርጦ ምድጃ ውስጥ ሲገባ የሳበውን ካርቦን መልሶ ይለቃል። ለማካካስ ብለው የተከሉት ዛፍ መቆም አለበት፤ ስለዚህ ጥድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ኮሽምና የመሳሰለውን የአገር ዛፍ፣ ጠባቂ ባለበት ቦታ መትከል ይሻላል። ገንዘብ ያለው መንገደኛ ከአዲስ ችግኝ ይልቅ ያለውን ደን ለሚጠብቁ ቢያግዝ የበለጠ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። የወፍ ዋሻ ሽማግሌ ጥድ አንዴ ከወደቀ በእኛ ዕድሜ የሚተካው የለም።

መትከል በራሱ መልካም ነው፤ አፈሩን ይይዛል፣ ምንጩን ይመልሳል። ለመብረር ፈቃድ የሚሰጥ ደረሰኝ አድርጎ መያዙ ነው ስሕተቱ።

ቲኬት ስቆርጥ «ካርቦን ያካክሱ» የሚል ክፍያ ይመጣልኛል። ልክፈል?

በፈቃደኝነት የሚከፈል ነው፤ በዓለም ዙሪያም የሚከፍለው መንገደኛ እጅግ ጥቂት ነው። ከመክፈልዎ በፊት ገንዘቡ የት እንደሚሄድ የተጻፈ መሆኑን ይመልከቱ። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ለገጠር እናቶች የሚያደርስ ፕሮጀክት ከሆነ ጥቅሙ ጭሱን ከመቀነስ አልፎ የሴቶችን ዓይንና ሳንባ ያተርፋል።

ከዚህ ሌላ አየር መንገዶች ራሳቸው ከዓለም አቀፍ በረራ የሚጨምረውን ካርቦን እንዲያካክሱ የሚጠይቅ «ኮርሲያ» የሚባል ሥርዓት አለ። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያጸደቀው ነው። ከ2027 ጀምሮ ለብዙ አገሮች ግዴታ ይሆናል፤ በልማት ወደ ኋላ የቀሩና ወደብ የሌላቸው ታዳጊ አገሮች ግን ወደው ካልገቡበት አይገደዱም። ይህ ትክክል ነው። ጭሱን ያበዛው ቀድሞ ይክፈል።

አውሮፕላን በጎመንዘር ይበራል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ የሚያስደስትም ነገር ነው። እናቶቻችን የእንጀራ ምጣድ የሚያሰሱበት ጎመንዘር በውጭ አገር ለአውሮፕላን ነዳጅ ተፈላጊ ተክል ሆኗል። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 የአውስትራሊያው ኳንታስ ከሎስ አንጀለስ ሜልቦርን ያደረገው በረራ ከዚህ ዘር የተሠራ ነዳጅ ከተለመደው ጋር ተቀላቅሎበት ነበር። እንዲህ ያለው ነዳጅ ግን ዛሬም ከዓለም የአውሮፕላን ነዳጅ 1 በመቶ አይሞላም፤ ዋጋውም ውድ ነው።

ነገ አንድ ኩባንያ መጥቶ ለነዳጅ የሚሆን ጎመንዘር ዝሩ ቢል ገበሬው ምን ይበል? ገብሱና ባቄላው ከሚወጣበት ማሳ ላይ ከሆነ እምቢ ይበል። ከዋናው ሰብል በኋላ ጾሙን በሚያድር መሬት ላይ፣ በጽሑፍ በተያዘ ዋጋ ከሆነ ግን መነጋገር ይቻላል። የሌላውን በረራ ለማጽዳት የእኛ መሶብ መጉደል የለበትም።

አየር መንገዳችን አዳዲስ አውሮፕላን ሲገዛ ጭሱ ይቀንሳል?

ለአንድ መንገደኛ አዎ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 ድሪምላይነርን በአፍሪካ ቀድሞ ያስገባ ነው፤ ይህ አውሮፕላን ከተካቸው የቀድሞ ሞዴሎች 20 በመቶ ገደማ ያነሰ ነዳጅ እንደሚፈጅ ይነገርለታል። የበረራው ቁጥር ከዚያ በላይ ሲጨምር ግን ጠቅላላው ጭስ አይቀንስም።

የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ መንገደኞችን ልጠይቅ ነው። ምን ልጠይቅ?

ከውጭ የመጣውን መጠይቅ እንዳለ አትተርጉም። መጀመሪያ ጥቂት ሰዎችን ያለ ፎርም አነጋግር፤ ቃላቸውንም መዝግብ። «ለአካባቢ ያስባሉ?» ከማለት «ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ በረሩ? ቲኬቱን ማን ከፈለ? ባይሄዱ ምን ይቀርብዎት ነበር?» ብለህ ጠይቅ። ለሥራ የምትሄደውን፣ ነጋዴውን፣ ተሳላሚውንና ከውጭ የመጣውን ለየብቻ ያዝ፤ የአራቱ አማካይ ማንንም አይወክልም። በቀዬያቸው ስለሚጠብቁት ደን፣ ምንጭ ወይም ግጦሽም አንድ ጥያቄ ጨምር፤ አለዚያ የሚያውቁትን ትተህ የማያውቁትን ብቻ ለክተህ ትመለሳለህ።

ተርሚናል በር ላይ የቆመች ልጅ እናቷን እየሳመች ሳለ ፎርም አትዘርጋላት። የተመለሱትን ቤታቸው ሄደህ፣ ቡና ተፈልቶ፣ በሰፊው ጊዜ አነጋግራቸው።